መጠይቁን ሞላን፣ ውጤቱ የት ገባ? (የትምህርት ቤት ጤና ትምህርት ጥናት፣ ጅማ)

ቲቸር_ዘአዌቱ
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ስለሚረዝም ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

ጅማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የጤና ክበቡም እኔ ላይ ነው፣ ሌላ የሚፈልገው ስለጠፋ። ስለዚህ ተመራማሪ በመጣ ቁጥር ርእሰ መምህሩ የሚያስጠራው እኔን ነው። ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ጫት፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ አመጋገብ፣ አሁን አሁን ደግሞ ስለ ጭንቀትና ድብርት፣ ያላስሞላሁት መጠይቅ የለም። ሰዎቹ ትሁት ናቸው። ደብዳቤ አላቸው፣ ማኅተም አላቸው፣ እስክሪብቶ ያድላሉ፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው የለም። ከየት እንደመጡ አልናገርም፣ ከቅርብም ከሩቅም ናቸው፣ ጠቤም ከአንድ ተቋም ጋር አይደለም። ግን በ14 ዓመት ውስጥ «መምህር፣ ያገኘነው ይሄ ነው» ብሎ አንዲት ገጽ ይዞ የተመለሰ ሰው አላየሁም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምና ዘጠነኛ ክፍል መጠይቅ እያስሞላን አንድ ልጅ በአምስት ደቂቃ ጨርሶ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ወረቀቱን ሳየው «በጣም እስማማለሁ» በሚለው ዓምድ ላይ ምልክቱን ከላይ እስከ ታች እንደ ዶቃ ደርድሮታል። «ጓደኞቼ ቢገፋፉኝ እምቢ ማለት እችላለሁ»፣ በጣም እስማማለሁ። ሁለት መስመር ወረድ ብሎ «ጓደኞቼ ሲገፋፉኝ እምቢ ማለት ያቅተኛል»፣ በጣም እስማማለሁ። ምነው ስለው «ቲቸር፣ መስማማት ጥሩ ነው ብዬ ነው» አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው። ከማንም ጋር መጣላት አይፈልግም፣ ከወረቀትም ጋር ቢሆን።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሰሞኑን አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጣች። በትምህርት ቤት ለአፍላ ወጣቶች የሚሰጥ የጤና ትምህርት ለውጥ ያመጣል ወይ የሚል ጥናት ልትሠራ ነው። ስድስት ሳምንት ታስተምራለች፣ ከማስተማሯ በፊትና በኋላ ትለካለች። ከዚያ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ፦ «ልጆቹ ራሳቸው ማወቅ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» መልስ አልነበረኝም። እኔ ስለ እነሱ የምፈራውን አውቃለሁ። እነሱ ሌሊት ተኝተው የሚያስቡትን ግን አላውቅም። ስለዚህ ለእናንተ አመጣሁት። ተማሪ የነበራችሁ፣ ጥናት የሠራችሁ፣ ወላጆች፣ በሉ አዋጡ።

ሰርቦ_ልጅ
እንደ ዶቃ ሃሃሃ። እኔም እንደዚያ ነበር የምሞላው። አሁን የባንክ ቅጽ ላይ እንኳ ልማዱ አልለቀቀኝም።

ዳታ_ሰብሳቢ_ነበርኩ
እኔ ደግሞ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ተመርቄ ሥራ ባጣሁ ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል በዳታ ሰብሳቢነት አበል ነው የኖርኩት። ብዙ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ።

ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ይፈርማል፣ ልጁም ራሱ እሺ ማለት አለበት። ወላጅ ፈቅዶ ልጁ አልፈልግም ካለ አለቀ፣ ይቀራል። ደንቡ ይሄ ነው። እኛ ግን ቅጹን ዛሬ ሰጥተን ነገ እንሰበስባለን። አንድ ጊዜ የሰበሰብኳቸው «የአባት» ፊርማዎች አንድ ዓይነት አረንጓዴ እስክሪብቶ ሆኑብኝ። ለካ አንዱ ልጅ ለዴስኩ ሁሉ አባት ሆኖ ፈርሟል። አለቃዬ አየ፣ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ቀኑ አርብ ነበር፣ አበሉም የሚዘጋው አርብ ነው።

ስለ ጫት ስንጠይቅ ደግሞ የክፍል ኃላፊው መምህር በዴስኮቹ መሃል እየተንጎራደደ ነው። ማን እውነቱን ይጽፋል? አንዱ ልጅ «ቅመህ ታውቃለህ?» ለሚለው «በፍጹም» ብሎ ሞላ። ወረቀቱን ስቀበለው ከደብተሩ መሃል ገራባ ረገፈ። ተያየን። እሱም ምንም አላለም፣ እኔም። ያቺ «በፍጹም» ኮምፒውተር ውስጥ ገብታ ቁጥር ሆነች።

ሲስተር_ከቆጪ
ስድስት ሳምንት የምታስተምረው እጅ መታጠብ ከሆነ መጀመሪያ ቧንቧውን ታስከፍት። እኔ በዚህ ትምህርት ሰልችቶኛል። ልጆቹ መቼ መቼ መታጠብ እንዳለባቸው ከእኔ በላይ ያውቃሉ፣ በዜማ ነው የሚነግሩሽ። ውሃ የለም። በሃይላንድ ቀድተው ያንጠለጠሉት ነበር፣ ሃይላንዱን አንዱ ወሰደው፣ ሳሙናውንም ሌላው።

የወር አበባም እንደዚያው ነው። ንጽህና ተማሩ፣ ፈተናውን መለሱ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ግን መቀርቀሪያ የለውም። አንዷ ስትገባ ጓደኛዋ በሩን በእግሯ ደግፋ ትቆማለች። ጓደኛዋ በቀረች ቀን ሞዴስ መቀየር ስለማትችል እሷም ትቀራለች። ይሄን የትኛው መጠይቅ ነው የሚይዘው? «የዕውቀት ደረጃ፦ ጥሩ» ይላል፣ በቃ። መቀርቀሪያ ግጠሙና ከዚያ ለኩ።

ሌላ ደግሞ። የጥገኛ ትል መድኃኒት ዘመቻ ላይ በየትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ። አልቤንዳዞሉ ቀላል ነው፣ አንዲት 400 ሚሊ ግራም ክኒን ናት። የብልሃርዚያው ፕራዚኳንቴል ግን በልጁ ቁመት ነው የሚሰጠው፣ መለኪያ እንጨት ይዘን እናቆማቸዋለን፣ እና ምግብ ሳይበሉ ሲወስዱት ያዞራቸዋል። ቁርስ ሳይበላ የመጣ አንድ ልጅ አስመለሰው። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ሆዱን ያዘ፣ ከሰዓት በኋላ እናቶች በር ላይ ተሰበሰቡ። «ቁርስ የበላችሁ እጃችሁን አውጡ» ስል እኮ ሁሉም አውጥተው ነበር! ማን ባዶ ሆዴን ነኝ ብሎ በጓደኞቹ ፊት ይናገራል።

ቁጥር_አይዋሽም
ሲስተር፣ ስለ መቀርቀሪያው ልክ ነሽ። ዕውቀት ብቻ የሚለካ ጥናት ቀላል ስለሆነ ነው የበዛው። አስተምረህ በማግስቱ ብትጠይቅ ያስተማርከውን ይመልስልሃል፣ ይሄ ጥናት ሳይሆን የትምህርት ቤት ፈተና ነው።

ለተማሪዋ ግን የምነግራት የቁጥር ነገር አለኝ፣ ትዕግሥት ስጡኝ። ዘጠነኛ ሀን አስተምራ ዘጠነኛ ለን ለማወዳደሪያ ብትተው አይሆንም። በእረፍት ሰዓት የሀ ልጅ ለለ ልጅ ሁሉን ያወራለታል፣ የሚያወራለት ደግሞ በጣም አስደሳቹን ክፍል ነው። ስለዚህ ማን ይማር፣ ማን ለማወዳደሪያ ይቅር የሚለው ዕጣ የሚወጣው ለተማሪ ሳይሆን ለትምህርት ቤት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ይመሳሰላሉ፣ አንድ መምህር ይሰማሉ፣ አንድ ሰፈር ይውላሉ። ከ0 እስከ 1 ሲለካ የመመሳሰላቸው መጠን 0.05 ብቻ ቢሆንና ከየትምህርት ቤቱ 40 ልጅ ብትወስድ የልጁ ቁጥር በስንት እንደሚባዛ የሚነግረን ሒሳብ እንዲህ ነው (39 ማለት 40 ሲቀነስ 1 ነው)፦ 1 + 39 × 0.05 = 2.95። በግለሰብ ዕጣ 400 ልጅ ይበቃኝ የነበረ ጥናት 1,180 ልጅ ይፈልጋል ማለት ነው። ወደ 30 ትምህርት ቤት! በማስተርስ በጀት ይሄ ቀልድ ነው።

ሁለት ትምህርት ቤት ወስዳ አንዱን አስተምራ ሌላውን ብትተው ደግሞ በወረቀት 400 ልጅ ይመስላል፣ በእውነት ግን የምታወዳድረው ሁለት ትምህርት ቤት ነው። አንደኛው ጎበዝ ርእሰ መምህር ካለው አለቀ። የእኔ ምክር፣ ትልቅ ለመምሰል አትሞክር። ትንሽ ግን ጠለቅ ያለ ትሥራ፣ ልጆቹን ቁጭ ብላ ታዳምጥ፣ ደግሞም በስድስተኛው ሳምንት ብቻ ሳይሆን ከወራት በኋላ ተመልሳ ትለካ።

የሁለት_ልጆች_እናት
እኔ ግን ከሁላችሁም ትንሽ እለያለሁ፣ አትቆጡኝ። የመጀመሪያዋ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ስለ እጅ መታጠብ ያስተምሯት፣ ስለ ምግብ ያስተምሯት፣ ደስ ይለኛል። ስለ ወሲብ ሲሆን ግን ያላሰበችውን ያሳስቧታል ብዬ እፈራለሁ። እኔ በዚያ ዕድሜ ምንም አላውቅም ነበር፣ ይኸው አልሞትኩም። ኋላ ቀር ካላችሁኝ በሉኝ።

ቁጥር_አይዋሽም
ኋላ ቀር የሚልዎት የለም፣ ፍርሃቱ የብዙ እናት ነው። ግን ተጠንቷል። ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይ የተሰበሰቡት ጥናቶች እንደሚያሳዩት ትምህርቱ ልጆች ወሲብ ቶሎ እንዲጀምሩ አያደርግም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኬንያው ነው። ፓስካሊን ዱፓ የምትባል የኢኮኖሚ ተመራማሪ ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ሠርታ በ2011 እ.ኤ.አ. አሳተመችው። ለስምንተኛ ክፍል ልጃገረዶች የተነገራቸው አንድ ነገር ነው፦ በየዕድሜው ካሉ ወንዶች ምን ያህሉ ኤች አይ ቪ እንዳለባቸው። በቃ። ስጦታ እየገዛ የሚያባብልሽ ትልቅ ሰውዬ ከእኩያሽ ልጅ ይልቅ አደገኛ ነው፣ ቁጥሩ ይኸው ነው አሏቸው። በአንድ ክፍለ ጊዜ። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የልጃገረዶች እርግዝና 28 በመቶ ቀነሰ። በዚያው ጥናት ውስጥ መምህራንን «ታቀቡ» የሚለውን የመንግሥት ትምህርት እንዲሰጡ ማሰልጠኑ ግን በእርግዝናው ላይ ለውጥ አላመጣም። ልዩነቱ የሰዓት ብዛት አይደለም። ልጅቷ የማታውቀውን ነገሯት።

የሁለት_ልጆች_እናት
ገባኝ። የኬንያው ለእኔም አዲስ ነው፣ እንዲያውም ዛሬ ማታ እኔው እነግራታለሁ። ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ማን ነው የሚነግራት? ወንድ መምህር ከሆነ ያው ነኝ፣ አልፈልግም።

ቲቸር_ዘአዌቱ
ወንዱ መምህር እኔ ነኝ እህቴ፣ እና በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ስለ መራቢያ አካላት ሳስተምር ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ወንዶቹ ይንሾካሾካሉ፣ እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ በጠመኔ ሥዕል አበዛለሁ። እንቁላል ማስተላለፊያ ቱቦ እንደኔ አሳምሮ የሚስል ጅማ ውስጥ የለም።

የጅሬኗ
ሲስተር ስለ ቁርስ ያነሳችው ነገር ተጠንቷል እኮ፣ እዚሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ወደ 2 ሺህ የሚሆኑ ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን መከታተል የጀመረ ጥናት ነበር። ቤተሰቡን ብቻ አልጠየቁም፣ ልጆቹን ራሳቸውን ጠየቁ። የወጣው ምን መሰላችሁ? በቤት ደረጃ ችግሩ ተመሳሳይ ሆኖ እያለ ሴት ልጆቹ ከወንዶቹ ይልቅ ምግብ እንደሚያጥራቸው ተናገሩ። እኔ ሳነበው አልደነቀኝም፣ እኔ ቤትም ወንድሜ «ኳስ ተጫውቶ ስለሚመጣ» ይጨመርለት ነበር። እኔ ውሃ ቀድቼ ነበር የምመጣው። የደነቀኝ ሌላ ነው። ጅማ ተወልጄ፣ ጅማ ተምሬ፣ ስለ ጅማ ልጆች የተጻፈውን ያነበብኩት አዲስ አበባ ሆኜ በእንግሊዝኛ ነው። የቲቸር ቅሬታ ገብቶኛል።

የድሮ_ሲቢቲፒ
ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከነበረበት ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርቱን ማኅበረሰብ ላይ የመሠረተ ነው። እኛ ተማሪዎች ሆነን አንድ ቀበሌ ተመድበን ቤት ለቤት እንዞር ነበር። በዓመቱም እዚያው ቀበሌ ነው የምትመለሰው። አምና ሽንት ቤት ቆፍሩ ያልካቸው እናት ዘንድሮ በር ላይ ቆመው ይጠብቁሃል፦ «ቆፍሬያለሁ፣ አንተስ ምን ይዘህ መጣህ?» ይሉሃል። ከዚያ ወዲህ ባዶ እጄን መሄድ አፍራለሁ። ወደ ትምህርት ቤትም መመለስ ያለ ነገር ነው ለማለት ያህል ነው፣ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

ቲቸር_ዘአዌቱ
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሳጥን ሠራን!

የጫማ ካርቶን ነው። በነጭ ወረቀት ለብጠን ዙሪያውን በፕላስተር አሸግነው፣ አናቱ ላይ ቀዳዳ አወጣንለት። ስም አይጻፍም፣ ማንኛውም የጤና ጥያቄ ይግባ አልን። በሰልፍ ሰዓት ተነገረ፣ በሚኒ ሚዲያም ተነገረ። ዩኒት ሊደራችን «ለጥበቃ እንዲመች» ብሎ ርእሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ አስቀመጠው። በሦስት ቀን ውስጥ የገባው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ከፍተን አነበብነው፦ «ሳጥኑ ከዚህ ይነሳ»።

አነሳነው። ላይብረሪው ጀርባ፣ የተሰበሩ ዴስኮች የሚጣሉበት አጠገብ አደረግነው። በሳምንቱ ሞላ። ግማሹ በአማርኛ ነው፣ ግማሹ በቁቤ። የእጅ ጽሑፋቸው እንዳይታወቅ ፊደሉን እንደ ማስታወቂያ ለያይተው የጻፉ አሉ። በግራ እጁ የጻፈም አለ፣ ያስታውቃል። አንዱ ወረቀት እንደ ክታብ ስምንት ቦታ ታጥፏል።

ያቺ ተማሪና እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቁጭ ብለን አነበብን። ሁሉንም አልጽፍም፣ የልጆቹ ነው። ዓይነቱን ግን ልንገራችሁ። አንዱ ጡቴ ከሌላው ይበልጣል፣ ካንሰር ነው ወይ። ሌሊት ሱሪዬ ይረጥባል፣ በሽታ ከሆነ ለማን ልንገር። ቁመት የሚጨምር መድኃኒት አለ ወይ (ይሄ አምስት ጊዜ!)። ለፈተና ስናጠና ጫት ካልያዝን አይገባንም፣ ያለ ጫት እንዴት ነው የሚነቃው። ሞዴስ መግዣ ሲጠፋ ምን እንጠቀም። አባቴ ጠጥቶ ሲመጣ ልቤ በኃይል ይመታል፣ የልብ በሽታ ነው ወይ። ስለ ኤች አይ ቪ የመጣው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ፀጉር ቤት ለሁላችንም አንድ መላጫ ነው፣ ይተላለፋል ወይ የሚል።

እስከ ዛሬ ካስሞላሁት መጠይቅ ውስጥ ስለ ቁመት የጠየቀ ትዝ አይለኝም። ስለ ልብ ምቱም እንደዚያ ጠይቀን አናውቅም። ጫቱንም እኛ «ትቅማለህ ወይ» እንላለን፣ እሱ «እንዴት ልንቃ» ነው የሚለው። ያንን የልብ ምት ወረቀት ሳነብ ቃል አውጥቼ ማውራት አቃተኝ፣ ተነስቼ ሻይ አስመጣሁ።

ሲስተር_ከቆጪ
ለልብ ምቱ ልጅ ድረሱለት። ስም የለውም ብላችሁ እንዳትተዉት። በሰልፍ ላይ «እንዲህ የሚሰማው ካለ ሲስተር ሐሙስ ሐሙስ ላይብረሪ ትመጣለች» በሉ፣ እኔ እመጣለሁ። ማን እንደጻፈው አትፈልጉ፣ አትገምቱም ደግሞ። እሱ ራሱ ይመጣል።

ሰርቦ_ልጅ
ቁመት አምስት ጊዜ። አንዱ እኔ ነበርኩ ማለት ነው፣ ጊዜው ብቻ ነው የተለየው። መድኃኒቱ ተገኘ?

ቁጥር_አይዋሽም
አልተገኘም። ቁጥር አይዋሽም።

ያቺ_ተማሪ
ሰላም፣ ቲቸር የሚያወሩላት እኔ ነኝ። ሁሉንም አንብቤያለሁ፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ። የ2.95ቱን ሒሳብ ለአማካሪዬ አሳየኋቸው፣ ሳቁና «ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ።

ዕቅዴን ቀይሬያለሁ። «ለውጥ ያመጣል ወይ» የሚለውን ትቼ ልጆቹ የሚጠይቁትና የጤና ትምህርቱ የሚመልሰው ምን ያህል ይገናኛል የሚለውን እሠራለሁ። ሳጥኑ እንደ አንድ የመረጃ ምንጭ ሊገባ ይችላል፣ ግን የገቡት ወረቀቶች ለጥናት ተብለው ስላልተጻፉ ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አልነካቸውም። ከፈቃዱ በኋላ ለልጆቹ ተነግሯቸው አዲስ ሳጥን ይከፈታል። የወላጅ ቅጹን በልጅ አልልክም፣ የወላጆች ስብሰባ ቀን ራሴ መጥቼ አስረዳለሁ። መጠይቁ ሲሞላ መምህር ክፍል ውስጥ አይኖርም፣ ይቅርታ ቲቸር። ትርጉሙንም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አሠርቼ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው አደርጋለሁ፣ ከዚያ ልጆች ፊት ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። «እምቢ ማለት ያቅተኛል» የሚለው ላይ የዶቃው ልጅ ቢሰናከል ጥፋቱ የእኔ ነው።

ውጤቱን ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ከመከላከሌ በፊት ለእናንተ ትምህርት ቤት አቀርባለሁ። በሁለት ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ። ቲቸር፣ ለመጀመሪያው ንግግር ማክሰኞ አራት ሰዓት ይመችዎታል?

ቲቸር_ዘአዌቱ
ማክሰኞ ፈተና አለ። ረቡዕ ከእረፍት በኋላ ነይ። መቀርቀሪያውን ገዝቻለሁ፣ መዶሻና ሚስማር የሚያውሰኝ አጣሁ፣ ካለሽ ይዘሽ ነይ።